ዱቄት የማይገባበት የድንች ሾርባ፤ ከድንች ምርጫ እስከ ማግስቱ

የድንች ሾርባ ቀላል ነው ይባላል። ቀላልስ ቀላል ነው። ግን ብዙ ቦታ የሚቀርበው ወይ ድንች የሚንሳፈፍበት ሙቅ ውሃ ነው፣ ወይ በዱቄት ተወፍሮ ከማንኪያ አልላቀቅ የሚል ነገር ነው። ወፈር ያለ፣ ግን የሚጠጣ ሾርባ ማግኘት ያስቸግራል። ሰው ጥፋቱን ቅመም ላይ ይጥላል። ጥፋቱ ያለው ግን አቆራረጡ ላይ ነው። ድንቹ ሁሉ በአንድ ልክ ተከትፎ በአንድ ጊዜ ድስት ውስጥ ይገባል።

እኛ ቤት ድንቹ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ደቀቅ ብሎ ይከተፍና መጀመሪያ ይገባል። እሱ ፈርሶ እንዲጠፋ ነው የሚፈለገው። ግማሹ ጎላ ጎላ ተደርጎ ይቆረጥና ዘግይቶ ይገባል። እሱ ጥርስ ላይ የሚገኘው ነው። አንዱ ያወፍራል፣ አንዱ ያጠግባል። ዱቄት የለም፣ ክሬም የለም፣ መፍጫ ማሽንም አያስፈልግም። መብራት ቢጠፋ በከሰል ይሠራል።

ዘዴው የእናቴ ነው። አክስቴ ደግሞ የኔ ነው ትላለች። የሁለቱ ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም፤ እዚህም መሃል መሃል ላይ ብቅ ማለቱ አይቀርም።

የሚያስፈልገው

መጠኑ ለ6 ሰው ነው። ሳይታሰብ እንግዳ ቢመጣ ለ8 ይዳረሳል።

ድንች 1 ኪሎ
ቀይ ሽንኩርት 2 ትልልቅ
ባሮ ሽንኩርት 1፣ ከተገኘ
ካሮት 2 መካከለኛ
ነጭ ሽንኩርት 5 ፍሬ
ዝንጅብል የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል (አከራካሪ ናት፣ እንደርስባታለን)
ዘይት 4 የሾርባ ማንኪያ
የፈላ ውሃ 2 ሊትር
ጨው 1 የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ በሁለት ጊዜ የሚገባ
ደረቅ ጦስኝ 1 የሻይ ማንኪያ
ቁንዶ በርበሬ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ከተቻለ ያኔውኑ የተወቀጠ
ቃሪያ 1፣ ሎሚ ግማሽ

ድስቱ ወፍራም ቂጥ ያለው ቢሆን ይመረጣል። ስስ አሉሚኒየም ድስት ለዚህ ሾርባ አይሆንም፤ ያሳርራል።

ድንቹን መምረጥ

ድንች ሁሉ አንድ አይደለም። ሲቀቀል ፍርስርስ የሚል አለ፤ ውስጡ ዱቄት የበዛበት ነው። ሲቀቀል ቅርጹን ይዞ የሚቀር ደግሞ አለ፤ እሱ ውሃ የበዛበት ነው። አንድ ዓይነት ብቻ የምትገዙ ከሆነ የሚፈርሰውን ግዙ። ጉሊት ላይ "የሚፈርሰው የቱ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ሴቶቹ አሳምረው ያውቃሉ። "የሻሸመኔ ነው"፣ "የጎጃም ነው"፣ "የጀልዱ ነው" ብለው ይነግሯችኋል። አገሩን መስማት ደስ ይላል እንጂ ብዙም አይረዳም። ከአንድ አካባቢ ብዙ ዓይነት ድንች ይወጣል። ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት እነ ጉደኔ፣ እነ በለጠ፣ እነ ጃለኔ ዛሬ በየቦታው ይተከላሉ።

ቤት ውስጥ መለየት ለሚፈልግ አንድ ዘዴ አለ። በ11 ሲኒ ውሃ 1 ሲኒ ጨው አሟሙ። ድንቹን ጣል አድርጉበት። ከሰጠመ ዱቄታም ነው። ከተንሳፈፈ ውሃማ ነው። ጨው ማባከን መስሎ ከታያችሁ ውሃውን አትድፉት፤ ሌላ ቀን ድንች በልጣጩ ቀቅሉበት።

አረንጓዴ ያለበትን ድንች አትግዙ። ቤት ከገባ በኋላ አረንጓዴ ካወጣም ያን ቦታ ጠለቅ አድርጋችሁ ቁረጡና ጣሉ፣ ከበዛም ድንቹን በሙሉ ተዉት። አረንጓዴው ራሱ አይደለም ችግሩ፤ ሶላኒን የሚባለው መርዝ አብሮት መጨመሩን ስለሚጠቁም ነው። መቀቀል አያጠፋውም። ያቆጠቆጠውም ዓይን እንዲሁ ተቆርጦ ይወጣል። አረንጓዴ የሚያደርገው ብርሃን ስለሆነ ድንችን ጨለማ፣ አየር የሚያገኝ ቦታ አስቀምጡ። ፍሪጅ ግን አይግባ። ብርድ ዱቄቱን ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ ሾርባው ያለቦታው ይጣፍጣል።

አሜሪካ ያላችሁ ከእኛ የተሻለ ዕድል አላችሁ፤ ሱፐርማርኬቱ ድንቹን በስሙ ለይቶ ያስቀምጥላችኋል። ራሴት የሚባለው ይፈርሳል። ቀዩ ድንች አይፈርስም። ዩኮን ጎልድ መሃል ላይ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የሚገባውን ግማሽ ከራሴት፣ ዘግይቶ የሚገባውን ከቀዩ አደርግ ነበር።

አያቴ የአዊ ሰው ነበረች። እሷ ዘንድ ድንች ሾርባ አይሆንም። በክረምት፣ የጎተራው እህል ተሟጦ አዲሱ ገና ሳይደርስ፣ ቤቱን የሚያቆመው ድንች ነው። ተቀቅሎ በጨውና በሚጥሚጣ ይበላል፣ ወይ ረመጥ ውስጥ ተቀብሮ ይበስላል። አዲስ አበባ መጥታ የኛን ሾርባ ስታይ "ይሄን ሁሉ ውሃ ምን አመጣው?" አለች። እውነቷን ነው፣ ሾርባ የከተማ ምግብ ነው። ድንቹ ራሱ ከጤፍና ከገብስ አጠገብ ሲቀመጥ የትናንት እንግዳ ነው። ተፈጥሮው ደቡብ አሜሪካ፣ አንዲስ ተራሮች ላይ ነው። ወደ እኛ ያመጣው ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እንደሆነ ይጻፋል፣ በ1858 እ.ኤ.አ.። ይህን ለአያቴ ብነግራት አታምነኝም ነበር። ለእሷ ድንች ከአገሩ አፈር ጋር አብሮ የተፈጠረ ነው።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር

ከውጭ የተገኘ አሠራር ላይ "ድንቹን 15 ደቂቃ ቀቅሉ" ይላል። አዲስ አበባ በ15 ደቂቃ ድንቹ ገና ጥርስ ላይ ይጮኻል። ምድጃችሁን አትውቀሱ። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የሚፈላበት ዲግሪ ከዚያም ዝቅ ይላል። እሳቱን ብታንቀለቅሉት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። እዚህ የምሰጠው ሰዓት የአዲስ አበባ ነው። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያላችሁ ቀነስ አድርጋችሁ ያዙት፣ ቀደም ብላችሁም ቅመሱ።

መላጥና መቁረጥ

ድንች መላጥ የልጆች ሥራ ነበር። ሰፌድ መሃል ላይ ይቀመጣል፣ እኛ ዙሪያውን። እናቴ ስትመለስ መጀመሪያ የምታየው የተላጠውን ድንች አይደለም። ልጣጩን ነው። ከሰፌዱ ላይ አንዱን በሁለት ጣት አንስታ ወደ መስኮቱ ትይዘዋለች። ብርሃን ካሳለፈ ዝም ብላ ትመልሰዋለች። ካላሳለፈ "ይሄ ልጣጭ ነው ወይስ ድንች?" ይመጣል። የማን ቢላ እንደሆነ ሳትጠይቅ ታውቃለች።

ድንቹን ከነልጣጩ አፈሩ እስኪለቅ እጠቡ፣ ላጡ፣ እንደገና አለቅልቁ። ከዚያ ለሁለት ክፈሉት።

የመጀመሪያውን ግማሽ ደቀቅ አድርጋችሁ ክተፉ፤ ከባቄላ ፍሬ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ይህን ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉት። ሾርባውን የሚያወፍረው ከተቆረጠው ድንች የሚወጣው ነጭ ዱቄት ነው፤ ዘፍዝፋችሁ ውሃውን ከደፋችሁት ሥራውን ደፋችሁት ማለት ነው። ትንሽ ቢጠቁርም አያሳስብ።

ሁለተኛውን ግማሽ 2 ሴንቲሜትር ያህል እያደረጋችሁ ቁረጡ። ይሄኛው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይቀመጥ። ተራው እስኪደርስ ብዙ ስለሚቆይ አለበለዚያ ይጠቁራል። ላዩ ላይ ያለው ዱቄት መታጠቡም ጥሩ ነው፣ ቁራጩ እርስ በርሱ አይጣበቅም።

ካሮቱን እንደ መጀመሪያው ድንች ደቀቅ አድርጉት። አንዳንዱ ሰው በመፈቅፈቂያ ይፈቀፍቀዋል። ሾርባው ብርቱካናማ ይሆናል፣ ካሮቱም የት እንደገባ አይታወቅም። እኔ ካሮት መታየት አለበት ባይ ነኝ።

ባሮ ሽንኩርት በየንጣፉ መሃል አፈር ይደብቃል። ከላይ እስከ ታች ለሁለት ሰንጥቁትና ቅጠሉን እየገለጣችሁ በሚወርድ ውሃ እጠቡት። ነጩንና ፈዘዝ ያለውን አረንጓዴ ክፍል ቀጭን ቀጭን አድርጋችሁ ክተፉ። የላይኛው ጠንካራ ቅጠል ለሾርባው አይሆንም፤ አጥንት ስትቀቅሉ ግን ሽታው ጥሩ ነው፣ አትጣሉት።

ሽንኩርቱ ላይ አትቸኩሉ

ለወጥ የለመደ እጅ እዚህ ይቸገራል። ለወጥ ሽንኩርት ያለ ዘይት ይቁላላል፣ ውሃው ይደርቃል፣ ይጠቁራል፣ ከዚያ ዘይቱ ይከተላል። ለዚህ ሾርባ ተቃራኒው ነው። ሽንኩርቱ መልክ መያዝ የለበትም። ከቀላ ሾርባው የወጥ መልክና የወጥ ጣዕም ይይዛል፣ የድንቹ ነገር ይጠፋል።

ዘይቱን፣ በደቃቁ የተከተፈውን ቀይ ሽንኩርትና ባሮውን ገና ባልጋለ ድስት ውስጥ አንድ ላይ ጨምሩ። ቆንጠር ያለች ጨው ጣል አድርጉበት፤ የሽንኩርቱን ውሃ ታወጣዋለች። እሳቱ ዝቅ ይበል። ክደኑት። 12 ወይም 15 ደቂቃ፣ በየመሃሉ እያማሰላችሁ። በከሰል የምትሠሩ ከሆነ ፍሙን በአመድ ሸፈን አድርጉት።

መድረሱን በሰዓት ሳይሆን በአፍንጫ እወቁት። መጀመሪያ ዓይን የሚያቃጥል ጥሬ ሽታ አለ። ያ ይሄድና ጣፋጭ ሽታ ይተካዋል። ሽንኩርቱ ያብረቀርቃል፣ በማማሰያ ጫን ሲሉት ይደቅቃል። ድስቱ ቂጥ ላይ ቡናማ ነገር ማየት ከጀመራችሁ ግማሽ ሲኒ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ አስለቅቁት።

አሁን የተወቀጠው ነጭ ሽንኩርት ይግባ። ዝንጅብሏም እዚህ ጋ ነው የምትገባው፣ ከገባች። አክስቴ "ዝንጅብል የሌለው ሾርባ የበሽተኛ ውሃ ነው" ትላለች። እናቴ ደግሞ ዝንጅብል ድንቹን ይሸፍነዋል ባይ ናት፤ ለእሷ ነጭ ሽንኩርት ይበቃል። እኔ በክረምትና በጉንፋን ሰሞን የአክስቴ ወገን ነኝ። በሌላው ጊዜ እናቴ ልክ ናት። አንድ ደቂቃ ብቻ አማስሉ። ነጭ ሽንኩርት ካረረ ይመራል፣ ምንም አይመልሰውም።

የመጀመሪያው ዙር

ደቃቁን ድንችና ካሮቱን ጨምሩ። ውሃ ከመግባቱ በፊት ሦስት አራት ደቂቃ ከሽንኩርቱ ጋር ይገላበጥ፣ ዘይቱ ይንካው። ከዚያ የፈላውን ውሃ ጨምሩ። ቀዝቃዛ ውሃ የጋለውን ድስት መልሶ ያቀዘቅዘዋል፣ ጋዝም ከሰልም ያስጨርሳችኋል። ከጨዉ ግማሹን አሁን ጨምሩ። ድንች ውስጡ ጨው የሚይዘው አብሮ ሲበስል ነው።

አንዴ ገንፈል ሲል እሳቱን ቀንሱ። ክዳኑን ገርበብ አድርጉት። ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ስጡት።

ይህን ጊዜ ቆማችሁ ብታዩት ደስ ይላል። መጀመሪያ ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ አረፋውም ፈጣንና ትንንሽ ነው። ቆይቶ የድንቹ ጠርዝ ይዶለዱማል። ውሃው ይደፈርሳል፣ እንደ ቀጭን አጥሚት ነጣ ይላል። አረፋው ይዘገያል፣ ይተልቃል፣ ድምፁም ቡልቅ ቡልቅ ይሆናል። እናቴ ሌላ ክፍል ሆና ድምፁን ትሰማና "ሁለተኛውን ጨምሩ" ትል ነበር።

ከመጨመራችሁ በፊት ግን ያልፈረሰውን አፍርሱት። በጭልፋ ጀርባ ከድስቱ ግድግዳ ጋር እያስጠጋችሁ ጫን ጫን አድርጉት። ሙሉ በሙሉ መላም የለበትም። የጁስ መፍጫ ውስጥ የሚከቱት ሰዎች አሉ። በጣም ቆንጆ፣ ልስልስ ያለ ነገር የሚወጣ ይመስላል። የሚወጣው ግን ሙጫ ነው። ምላጩ የድንቹን ሴሎች ሰባብሮ ዱቄቱን በሙሉ ስለሚለቀው ይለጠልጣል። ልስላሴ የግድ ከፈለጋችሁ በወንፊት አሳልፉት።

ሁለተኛው ዙር

ጎላ ያለውን ድንች ከውሃው አውጥታችሁ አጠንፍፉና ጨምሩ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። አሁን ሾርባው ስለወፈረ ቂጡ መያዝ ይጀምራል። በየአምስት ደቂቃው ከሥር በኩል ቀስ አድርጋችሁ አማስሉ፤ ቀስ ማለቱ ቁራጮቹ እንዳይፈርሱ ነው። ከያዘባችሁ በምንም ዓይነት አትፋቁት። የላዩን ወደ ሌላ ድስት ገልብጡት፣ የያዘው እዚያው ይቅር። ከፋቃችሁት የአረረ ሽታው ድስቱን ሙሉ ይወርሰዋል።

ቢላ ቁራጩ ውስጥ ሳይታገል ሲገባ ደርሷል። ቀሪውን ጨው በልክ እየቀመሳችሁ ጨምሩ።

ከእሳት ስታወርዱት ቁንዶ በርበሬውን ጨምሩ። ጦስኙን በመዳፋችሁ መሃል አሽታችሁ በትኑበት። ፍሬው የወጣለት ቃሪያ በቀጭኑ ተቆርጦ ይግባ፣ ሎሚውም ይጨመቅ። ክደኑና 10 ደቂቃ ይረፍ። ሲያርፍ ይወፍራል፤ ስለዚህ እሳት ላይ ሆኖ "ትንሽ ቀጠነ" የምትሉት ልኩ ነው።

ሎሚው መጨረሻ የሚገባው ለጣዕም ብቻ አይደለም። ኮምጣጣ ነገር ድንችን ያጠነክረዋል። ቀድሞ ከገባ ድንቹ ሰዓቱን ሁሉ ተቀቅሎም አልፈርስ ይላል። ቲማቲምም እንደዚያው ነው። አባቴ ቲማቲም ይወድ ስለነበር እናቴ ለብቻው በትንሽ ዘይት አብስላ በሱ ሳህን ላይ ብቻ ትጨምርለት ነበር። እሱ ለነገሩ ሾርባን ከምግብ አይቆጥርም። ሾርባውን ጨርሶ "እሺ፣ ምሳው መቼ ነው?" ይላል። መጨረሻ ላይ እንጀራ ፈትፍቶበት መብላት ጀመረና ተገላገልን። ሞክሩት፣ ያልተጠበቀ ነገር ነው። ከቂጣ ጋር ግን ይበልጣል፣ በተለይ ትኩስ ከሆነ።

የሾርባ ኩብ ስለሚጨምሩ ሰዎች አስተያየት አለኝ። ይጨምሩ። ግን ኩቡ በብዛት ጨው ነው። ጨዉን በግማሽ ሳይቀንሱ ሁለት ኩብ ጥለው ከዚያ "ጨው በዛብኝ" ማለት አይሠራም። ደግሞም ሽንኩርቱን በትዕግስት ላበሰለ ሰው አያስፈልገውም።

የጾሙና የፍስኩ

እስካሁን የጻፍኩት የጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ ይሆናል፣ በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ይሆናል። ጾም ሆኖ የወተት ዓይነት ልስላሴ የሚፈልግ ሰው ሱፍ አለለት። ግማሽ ኩባያ ሱፍ አጥባችሁ ለስለስ እስኪል ቀቅሉ፣ ፍጩት፣ በአንድ ኩባያ ተኩል ውሃ በጥብጣችሁ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። ነጩን ውሃ መጨረሻ ላይ፣ እሳቱ ዝቅ ብሎ ሳለ ጨምሩት። ከገባ በኋላ አይንተክተክ፣ ይለያያል። ሱፍ የገባበት የድንች ሾርባ የኔ ምርጫ ነው፣ ፍስክ ቢሆንም እንኳ።

ለፍስክ አንድ ኩባያ ወተት ለብ አድርጋችሁ በመጨረሻው ጨምሩ። ወተት ካለ ሎሚ አይግባ፣ ይቆርጠዋል። ሁለቱን የግድ የሚል ሰው ሎሚውን በየሳህኑ ያቅርብ። ወይም ወተቱን ትታችሁ በየሳህኑ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ጣል አድርጉ። ሁለቱም አንድ ላይ ግን ይከብዳል።

አጥንት ያለው ሰው ከውሃው ይልቅ የአጥንት መረቅ ይጠቀም። የበሬ ቅልጥም በቀዝቃዛ ውሃ ይጣድ፣ አረፋው ይገፈፍ፣ በዝግታ ሦስት ሰዓት ያህል ይቆይ። አጥልላችሁ አቀዝቅዙት፤ ላዩ ላይ የሚረጋውን ስብ አንሱት፣ ጥቂቱን በዘይቱ ፋንታ ሽንኩርቱን ለማብሰል ተጠቀሙበት።

የድንብላል ነገር ደግሞ ከጎረቤት የመጣ ነው። በረመዳን ማፍጠሪያ ሰዓት ከጎረቤቶቻችን አንድ ሳህን ሳምቡሳና አንድ ጎድጓዳ ሾርባ ይመጣልን ነበር። ሳህን ባዶውን አይመለስምና እናቴም ጾም ሲሆን የራሷን ትልክ ነበር። የእነሱ ሾርባ በአጃ የወፈረ ነው፣ ሥጋ አለበት፣ ድንብላልም ይሸታል። እናቴ ሽታውን ያዘችና ጠየቀች። ታምሶ የተወቀጠ ድንብላል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር። ዝርዝሩ ውስጥ ያላስገባሁት ሁሉም ሰው ስለማይወደው ነው። እኛ ቤት ሁልጊዜ አለ።

እርድ? "እርድ ከገባበት አልጫ ነው" ትላለች እናቴ። በዚህ እንኳ ከአክስቴ ጋር ይስማማሉ።

ሲበላሽ

ከቀጠነ፦ ክዳኑን ከፍታችሁ ጥቂት አቆዩት፣ ከጎላጎላው ድንች ጥቂቱን በጭልፋ አፍርሱ። ከወፈረ፦ የፈላ ውሃ በትንሽ በትንሹ፣ ከዚያ ጨው ዳግመኛ መቅመስ።

ጨው ከበዛ፦ "ጥሬ ድንች ጣልበት፣ ጨዉን ይመጠዋል" የሚለው አይሠራም። ድንቹ የሚመጠው ጨዋማውን ውሃ ነው፤ የቀረው ውሃ ያው ጨዋማ ነው። መፍትሔው ማስፋት ነው፤ ውሃ ጨምሩ፣ ለማወፈር ለብቻው ያለ ጨው የተቀቀለ ድንች አፍርሳችሁ ጨምሩ። ጎረቤት ጥሩ።

ልኩን ከእናት ላይ ማውጣት

ከላይ የሰጠሁትን ልክ እናቴ አታውቀውም። እሷ የምትሠራው በዓይኗ ነው። "ጨው ስንት?" ስትባል "በልኩ" ትላለች። "ልኩ ስንት ነው?" ስትባል ትቆጣለች። የእናታችሁን ወይም የአያታችሁን አሠራር መያዝ የምትፈልጉ ከሆነ ስንት ብላችሁ አትጠይቁ። እጇን ያዙት።

እንዲህ ነው የሚደረገው። ጨዉን ከዕቃው ዘግና ወደ ድስቱ ስትሄድ በመሃል ሳህን አስገቡላት፣ "እዚህ ላይ አድርጊልኝ" በሏት። በሚዛን መዝኑት፣ ከዚያ ይግባ። ሚዛን ከሌለ በሻይ ማንኪያ ለኩ። ለውሃው፣ ሁልጊዜ የምትጠቀምበትን ጣሳ ወይም ጆግ ፈልጉና ስንት ሊትር እንደሚይዝ አንዴ እወቁ። የእናቴ ጆግ እጀታው የተሰበረ ነው፤ ውሃው እስከ ስንጥቁ ድረስ ይሞላል። ማንም ሰው ሌላ ዕቃ ቢያመጣላት ሾርባው ይበላሽባታል።

ለሰዓቱም እንደዚያው። "ስንት ደቂቃ?" ሳይሆን "ምን ሲሆን ነው የምታወጪው?" በሉ። መልሱ "ሽታው ሲሄድ"፣ "ድምፁ ሲከብድ" ይሆናል። እሱን እንዳለ ጻፉት፣ ደቂቃውን ከጎኑ ራሳችሁ መዝግቡ። ሁለቱም ያስፈልጋል። ምድጃ ሲቀየር ደቂቃው ይዋሻል፣ ድምፁ ግን አይዋሽም።

ውጭ አገር ሆናችሁ በስልክ የምትጠይቁ ደግሞ ወሬውን ቅዱት፣ አስፈቅዳችሁ። በቪዲዮ ከሆነ ስልኩ ፊቷን ሳይሆን ድስቱን ያሳይ። እናቶች ሲያወሩ ያልተናገሩትን እጃቸው ይሠራዋል። እኔ እናቴ ድንቹን ከመጨመሯ በፊት ክዳኑን ገልብጣ ላዩ ላይ የተጠራቀመውን ውሃ መልሳ ወደ ድስቱ እንደምታፈስ ያወቅሁት ቪዲዮው ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት "ሌላ ምን ላድርገው?" አለች።

የተረፈው

የተረፈውን ድስት ሙሉ ሌሊቱን ምድጃ ላይ አታሳድሩ። ሰፋ ባለ ዕቃ ገልብጣችሁ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ አድርጉ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ ይግባ። ሦስት ቀን ይቆያል። በማግስቱ ረግቶ ታገኙታላችሁ፤ ድንቹ ነው፣ አልተበላሸም። የምትጠጡትን ያህል ብቻ ቀንሳችሁ በትንሽ የፈላ ውሃ እያቀጠናችሁ በዝግታ አሙቁ፣ አንዴ እስኪገነፍል ድረስ። ጨውና ሎሚ እንደገና ይቀመሳል።

ማቅጠን ካልፈለጋችሁ እንደረጋ ተጠቀሙበት። ቁርስ ላይ ቅንጬ ላይ ይደረጋል። ወይም በመጥበሻ ሞቆ፣ ቃሪያ ተጨምሮበት፣ ዳቦ ውስጥ ይገባል።

ፍሪዘር ውስጥ ግን ጎላ ጎላ ያለው ድንች አይወድም። ሲቀልጥ ውሃውን ይለቅና አሸዋ አሸዋ ይላል። በብዛት ሠርታችሁ ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ፣ ሁለተኛው ድንች ሳይገባ፣ ቀንሳችሁ አቀዝቅዙና አስቀምጡ። በሚበላበት ቀን አሙቁትና ትኩስ ድንች ቆርጣችሁ ጨምሩበት።